አርባ ጊዜ የዘለልኩት አዞ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

«የጫካ ሩጫ» እኔ ላይ ወደቀ። ጠዋት ኃላፊያችን ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ሰላምታውን በቀን ቆጠራ ጀመረ። «ኅዳር ሃያ አምስት ጨዋታው ቺፕ ላይ እንዲቀረፅ ፋብሪካ መግባት አለበት። ሃምሳ ሁለት ቀን አለህ፤ እሑድን ጨምሮ።» ቀጠሮ የሚል ስም ያወጣንለት ያለ ነገር አይደለም።

ጨዋታውን የማያውቅ የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሱቁ ደጅና በየሲኒማ ቤቱ መግቢያ የቆመው ትልቁ የሳንቲም ማሽን ነው። አንድ ሯጭ መድኃኒት አዝሎ ጫካ ያቋርጣል። ሐረግ ይዞ ይወናጨፋል፣ የሚንከባለል ግንድ ይዘላል፣ የሦስት አዞዎችን ጀርባ እየረገጠ ወንዝ ይሻገራል። ሰዓቱ ሳያልቅ ከደረሰ ማዶ ያለችው በሽተኛ ትድናለች። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰኩት ማጫወቻዎች ሁለት ቅጂ ወጥቶለታል። የትልቁ ማጫወቻ ቅጂ ከሳንቲም ማሽኑ አይለይም። የመካከለኛው ዝናቡን አጥቷል፣ ግን ያምራል። የቀረው ትንሹ ማጫወቻ ነው። በየቤቱ ያለው ደግሞ ትንሹ ነው። ለጨዋታው በሙሉ ያለው ቦታ አራት ኪሎባይት! ያን ሁሉ ጫካ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ክተት ማለት ነው።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ባለቤቴ አምስተኛ ወሯን ጨርሳለች። ከዚህ በፊት ሁለት አጥተናል፤ ሐኪሙ እስክትወልድ ከአልጋ እንዳትነሳ ብሏታል። ሕክምናዋን የሚሸፍነው መሥሪያ ቤቱ ነው። ኃላፊያችን ይህን ያውቃል። አላነሳውም። «ባለቤትህ እንዴት ናት?» ብቻ አለ።

«ደህና ናት» አልኩ። ቀጥዬም «እሠራዋለሁ» አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሠዓሊው አዞ አመጣልኝ። ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አዞ ነዋ!»

«ይሄ የተረገጠ ጫማ ነው።»

«ቦታ ስጠኝና ጥርስ ላብቅልለት። በዚች በሰጠኸኝ ቦታ እናቴንም ብስላት ጫማ ነው የምትመስለው።»

ሳቅን። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ይህን ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቦታ ስላልበቃ ዝናቡ ከጨዋታው ወጣ። ወፎቹ ወጡ። ፏፏቴው ወጣ። ዛሬ ከሰዓት ጦጣዋን ገደልኳት፤ ሠዓሊው ሁለት ቀን የደከመባት ናት። አልነገርኩትም፤ ነገ ራሱ ያየዋል።

ቤት ስደርስ በር የከፈተችልኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ ልታስታምማት ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። «መጣህ? እኛማ መልክህን እንዳንረሳው ፎቶህን ግድግዳው ላይ ልንሰቅለው ነበር» አለችኝ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ሳቀች። ሳቋን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ግን ወደ ውስጥ ሳልዘልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሐረጉ ተወናጨፈ! እንደ ሐረግ፤ እንደ ዱላ አይደለም። ከመቶ ሃምሳ ባይት በታች። ሠዓሊው ቆሞ አየና «አንተ ሰውዬ፣ ጦጣዬን ይቅር ብዬሃለሁ» አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሺዓይን ዛሬ መሞከር ጀመሩ። የእሳቸው ሥራ መጫወት ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ እየተጫወቱ ስህተት መፈለግ። ሃያ ሁለት ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እኛ ጋ መጡ። ሲቀጠሩ «አሮጊት ጌም ልትጫወት ነው» ተብሎ ተሳቀ፤ አሁን የሚስቅ የለም። በትልቁ ማጫወቻ ቅጂ ላይ ሰባተኛው ዙር ሲደርስ ሐረጉ አንዲት ነጥብ ወደ ግራ እንደሚዘም ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሺዓይን ያልናቸው ያኔ ነው፤ በፊታቸው ግን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው።

ዛሬ አሥራ አንድ ስህተት አወጡብኝ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ መልኩ የቆንጆ ልጅ ነው፤ ፊቱን አላጠብከውም እንጂ» አሉኝ። ባለቤቴን ጠየቁኝ። በጉልበታቸው ላይ ትራስ አድርገው፣ ጆይስቲኩን ትራሱ ላይ አስቀምጠው ነው የሚጫወቱት፤ ልብስ የሚሰፉ ይመስላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አዞዎቹ አልገቡም። ሁለቱ ይገባሉ፣ ሦስተኛው ሲመጣ ስክሪኑ ይርገበገባል። ማሽኑ ስክሪኑን መስመር በመስመር ነው የሚስለው። እኔ ደግሞ የሚሳለውን መስመሩ ሳያልቅ ማቀበል አለብኝ። አልደርስም።

ቀጠሮ ሁለት ጊዜ መጣ። ሁለተኛውን ጊዜ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ሠራ። ሦስቱም አዞዎች ገቡ።

እንዴት እንዳደረግኩት ልጻፈው፣ ነገ እንዳይጠፋኝ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚቆጥረው ሰዓትና ሦስተኛው አዞ አንድ የሜሞሪ ቦታ እንዲጋሩ አደረግኩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ አንድ አልጋ ላይ እንደሚተኙ የቀንና የሌሊት ጥበቃዎች። ቆንጆ ሥራ አይደለም። ግን ይሠራል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከምሳ በፊት አንድ ትንሽ ነገር አየሁ። ሯጩ አዞው ላይ እንዳረፈ ጨዋታው ቀጥ አለ፤ ድምፁም አንዲት ጩኸት ላይ ቀረ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ደህና ሆነ። ሶኬቱ ልል ነው መሰለኝ።

ባለቤቴ ዛሬ የሕፃኑን እርግጫ ሦስት ጊዜ ቆጠረች። በስልክ ነገረችኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሶኬቱ አይደለም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ጠዋት ደም አየች። እህቷ አራት ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤት ደወለች፤ ጸሐፊዋ ክፍሌ ድረስ መጥታ «ከቤት ስልክ አለህ» አለችኝ። «ቆይ፣ መጣሁ» አልኩ። እጄ ኮዱ ላይ ነበር። ያ ነገር የሚመጣበትን መንገድ ላገኘው አንድ ክር ቀርቶኝ ነበር። ቀና ስል አራት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

አርባ ደቂቃ! እህቷ ጎረቤት ለምና፣ በጎረቤት መኪና ወስዳታለች።

ደሙ ቆሟል። ልጁ ደህና ነው አሉ። እህቷ አልተቆጣችኝም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ «ተቀመጥ» ብቻ አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ክሩን ግን አግኝቼዋለሁ። ሯጩ ሦስተኛው አዞ ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት የሰዓቱ አሥር ቤት ከዞረ፣ ማለትም ከሃምሳ ወደ አርባ ዘጠኝ፣ ከአርባ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ሲወርድ፣ ሁለቱ ጥበቃዎች አንድ አልጋ ላይ ይገናኛሉ። ያኔ ሁሉም ነገር ይቆማል። ይህን እያወቅኩ ነው የባለቤቴን እጅ ይዤ የተቀመጥኩት። ስለ እሷ እያሰብኩ የመሰላት ይመስለኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሺዓይን አዩት።

ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ። ስክሪኑን አላጠፉትም፤ ያ ጩኸት ክፍሉን ሞልቶታል። «ና እስቲ እይ። ዘልዬ አዞው ላይ ስቆም ድርቅ አለ።»

«ስንተኛው አዞ ላይ?» አልኩ፤ እንደማያውቅ ሰው።

«ሦስተኛው።»

«ሰሞኑን መብራት እየተዋዠቀ ነው እኮ እትዬ። ጠዋት የእኔም ማሽን እንዲሁ ሆኖ ነበር።»

ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። «መብራቱ አልጠፋም» አሉ።

«ለዓይን አይታይም። ለቅጽበት ነው።»

እንግዲህ እንዲያ ከሆነ ብለው ወረቀታቸው ላይ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። ሌላውን ስህተት ሁሉ በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉት።

ከሁለት መቶ ጨዋታ አንዴ ነው። አስልቼዋለሁ። አንድ ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ቢጫወት በሃያ ቀን አንዴ። አጥፍቶ ያበራዋል። ምንም አይደለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ለማስተካከል ሃያ ሦስት ባይት ያስፈልገኛል። ያለኝ አራት ነው። ወይ ሦስተኛው አዞ ይውጣ፣ ወይ የወንዙ ክፍል እንደገና ይጻፍ። አዞውን ባወጣው ወንዙ ወንዝ አይሆንም፤ የጨዋታው ሥዕል ያለበት ካርቶን ደግሞ በሦስት አዞ ታትሞ አልቋል። እንደገና ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ያለኝ ሰባት ቀን።

ለቀጠሮ ልንገረው ብዬ ቢሮው በር ድረስ ሄድኩ። ከውስጥ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ «በዚህ የሚሳሳት ሰው ካለ ከእኛ ጋር አይቀጥልም፤ በቃ!»። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ አላውቅም። ተመለስኩ።

ባለቤቴ አሁንም ሆስፒታል ናት። ሐኪሙ እዚያው ትቆይ ብሏል። ሥራዬን ባጣ ማን ያስተኛታል?

እሑድ፣ ኅዳር 21

ሞከርኩ። አሥራ ሦስት ባይት አገኘሁ። ስድስት ቀረኝ። ሐረጉ ተበላሸ። መልሼ እንደነበረው አደረግኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ይህን አልጽፍም ብዬ ነበር።

ሺዓይን ጠዋት እንደገና ጠሩኝ። «ደገመኝ። መብራት አይደለም የኔ ልጅ፤ አምፖሉን እያየሁ አይደለም የምጫወተው፣ ግን መብራት አይደለም።» በቀይ ሊጽፉት ብዕሩን ከፍተዋል። ነገ ወረቀቱ ተፈርሞ ካልገባ ፋብሪካው ተራችንን ለሌላ ይሰጣል።

«እስቲ አብረን እንየው» አልኩና ጆይስቲኩን ከትራሳቸው ላይ ወሰድኩ።

አርባ ጊዜ ዘለልኩ። ሦስተኛው አዞ ላይ አርባ ጊዜ አረፍኩ። እሳቸው አጠገቤ ጎንበስ ብለው አዞውን ያያሉ፤ እኔ ሰዓቱን። ሃምሳ ሲል እጠብቃለሁ፤ አርባ ሰባት ሲል እዘላለሁ። ሠላሳ ሲል ሐረጉ ላይ ተንጠልጥዬ እቆያለሁ፤ ሃያ ስድስት ሲል እዘላለሁ። በየዝላዩ «ይኸው» እላቸው ነበር። «ይኸው እትዬ። ይኸው።»

ከሠላሳኛው በኋላ መቁጠሩን እሳቸው ተዉት።

«እንግዲህ ዓይኔ ነው» አሉ።

«ደክሞዎት ይሆናል። ሁላችንም ደክሞናል።»

«እንደሱ ይሆናል። ሰው ሲደክመው ያላየውን ያያል።» የጥያቄ ምልክቱን በላጲስ አጠፉት። ፈረሙ። ከዚያም ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ለባለቤትህ ብርቱካን ይዤ ነበር፤ ሳትረሳ ውሰድላት» አሉኝ።

ወሰድኩ። ባለቤቴ በላችው። ጣፋጭ ነው አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሄደ። ከዛሬ ወዲያ ቺፑ ላይ ይቀረፃል፤ የተቀረፀ አይፋቅም። ቀጠሮ እጄን ጨበጠኝ። ሰዓቱን አላየም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ጨዋታው የተቀረፀበት ካሴት ሱቅ ገብቷል። በሥራ መውጫ ላይ አንድ ትልቅ መደብር ፊት ቆምኩ፤ በመስኮቱ በኩል ሯጬ ይሮጣል። ሻጯ ራሷ እየተጫወተች ሰው ተሰብስቦ ያያታል። ወንዙ ጋ ስትደርስ ዞር ብዬ ሄድኩ።

ባለቤቴ ደህና ናት። ሰባተኛ ወሯን አልፋለች። «ጨርሰህ የለ፣ ምነው ፊትህ አልፈታ አለ?» አለችኝ። «ድካም ነው» አልኳት። ይህቺ ቃል ለሁሉም ትሆናለች።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ሠዓሊው ጋዜጣ ይዞ መጣ። «ከትንሽ ማጫወቻ ያልተጠበቀ ተአምር» ይላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አነበበው። ሺዓይን ከጥግ ሆነው አጨበጨቡልኝ።

በየቀኑ ፖስታ የምታመጣዋን ሴት እጅ እጅ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

መጣ። አንድ ጆንያ ደብዳቤ፣ ሦስት ካርቶን ሙሉ የተመለሰ ካሴት። ሰዎቹ ጨዋታው ሲደርቅና ሲጮህ ማጫወቻቸው የተቃጠለ መስሏቸዋል። አንድ አባት «ልጄ እኔ ነኝ የሰበርኩት ብላ ስታለቅስ አደረች» ብሎ ጽፏል። ሱቆቹ ሁሉንም ከመደርደሪያ እያወረዱ ነው።

በሃያ ቀን አንዴ ብዬ ነበር። በስንት ቤት የሚለውን አላሰብኩም። አስቤም ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ስብሰባ። ቀጠሮ አንድ ካሴት ሰክቶ ከትናንት ጀምሮ ሲጫወት ቆይቶ አድርቆታል። ጩኸቱን ሳያጠፋ የፈተናውን ወረቀት አወጣ። ንጹሕ ነው፤ አንድ ቀይ መስመር የለም።

«እዚህ ላይ የማን ፊርማ ነው?»

ሺዓይን ተነሡ። «የእኔ ነው።»

«አንድ ወር ሲጫወቱ ይህን አንድ ቀን አላዩም?»

ልባቸው ወደ እኔ ሄደ እንዳልል፣ አላዩኝም። ቢያዩኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። «ያየሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ከዚያ ግን ስንሞክረው የለም። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።»

«መስሎኝ ነበር ማለት ምን ማለት ነው? ወይ አይተዋል፣ ወይ አላዩም!»

«አላየሁም እንበል» አሉ።

ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ሠዓሊው ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል፤ ወይም እኔ ነኝ የመሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ሺዓይን ከሥራ ተሰናብተው ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ዓርብ፣ ጥር 8

ከሥራ ቀረሁ፤ አመመኝ አልኩ። ባለቤቴን ሆስፒታል ጠይቄያት ተመልሼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። እህቷ ከእሷ ጋ ናት፤ ቤቱ ባዶ ነው።

እስካሁን በዚህ ደብተር ለራሴም በዙሪያው ስዞር ነው የቆየሁት። ስለዚህ በቀጥታ ልጻፈው። ስህተቱን ሠርቻለሁ፤ እሱስ ይሁን፣ የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። አውቄ ደብቄዋለሁ፤ ፈርቼ ነበር ልበል። ያ የአርባው ዝላይ ግን ፍርሃት አይደለም። የፈራ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። የእኔ እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ተጫውቼ አላውቅም። አንዲት ሴት በዓይኗ ያየችውን ከዓይኗ ላይ አወጣሁባት።

ሰኞ እነግራለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 11

ባለቤቴ ምጥ የመሰለ ነገር ጀምሯት ነበር። ቆመላት። ቢሮ አልገባሁም።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ቀጠሮ ሌላ ከተማ ሄዷል። ነገ ይመለሳል።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ተመለሰ። ሥራ በዝቶበታል።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሴት ልጅ። ቀኗ ሳይሞላ መጣች፤ ትንሽ ናት፣ የሙቀት ሣጥን ውስጥ አስገብተዋታል። ትኖራለች አሉ። ነርሷ በመስታወቱ አሳየችኝ፤ እጇን ጨብጣ ተኝታለች።

አለቀስኩ። የባለቤቴ እህት ትከሻዬን ይዛ «ይኸው፣ አገኘህ አይደል? ከእንግዲህ ምን ቀረህ?» አለችኝ። በኋላ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ለባለቤቴ ስትነግራት ሰማኋት። «የደስታ ለቅሶ አይደለም ያ። እኔ የሰው ለቅሶ አላጣም። አንድ ነገር አለው።»

ሐሙስ፣ ጥር 21

በሺዓይን ቦታ አንድ ወጣት ቀጥረዋል። ሰዓቱን ጠብቆ ይገባል፣ ይጫወታል፣ ይወጣል። ቀጠሮ የሚቀጥለውን ጨዋታ ሰጠኝ፤ ስህተቱን የምታስተካክለውም አንተ ነህ፣ ጊዜ ውሰድ አለኝ። ጊዜ ውሰድ! ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል።

ሠዓሊው አይስቅልኝም። አዞ ሥሎ ሲያመጣ ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ነገርኩት። ቢሮው ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ቆሜ። ከኅዳር ዘጠኝ ጀምሮ ሁሉንም። አርባውንም።

ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ «ማን ሌላ ያውቃል?» አለኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ጉዳዩ ተዘግቷል። ለሱቆቹ ጽፈናል፤ የፈተና ክፍተት ነበር፣ አስተካክለናል ብለናል። አሁን ፕሮግራመራችን ነው የደበቀው ብለን እንጻፍ? ማን ካሴት ይገዛናል?»

«እሳቸው ግን ስማቸው...»

«ሴትዮዋ ጡረታ የሚወጡበት ዕድሜ ላይ ናቸው። አንተ የአሥር ቀን ልጅ አለችህ፣ ሣጥን ውስጥ። ሂድና ሥራህን ሥራ።»

ሳልቀጣ ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ለትንሽ ደቂቃ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ሺዓይን ትራሳቸውን ይዘው በዚያው እንደወረዱ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ለባለቤቴ ነገርኳት። ትራሷ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። እየሰማች ፀጉሯን ትጎነጉናለች፤ አርባው ጋ ስደርስ እጇ ቆመ።

«ብርቱካን የላኩልኝ ሴትዮ?»

«አዎ።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

የጀመረችውን ጉንጉን ፈታችው።

«ያን ጊዜ አንቺ እዚህ ተኝተሽ፣ እኔ ሥራዬን ባጣ...» ስል አቋረጠችኝ።

«በእኔ አታሳብብ። እኔ አልላክሁህም። ልጄም አልላከችህም፤ ገና አልተወለደችም ነበር።» አልጮኸችም። «ይህን ነገር ልጄ ስም ላይ ለጥፈህ እንዳትይዛት። ምን እንደምታደርግ አንተ ታውቃለህ።»

እህቷ ሻይ ይዛ ገባች፤ ሁለታችንንም አየችንና ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ሰኞ፣ የካቲት 2

የሰኞ ስብሰባ። ሌሊቱን በወረቀት ጽፌው ነበር፤ በቃሌ እንደማልጨርሰው አውቃለሁ። ቀጠሮ የሳምንቱን ቀናት ቆጥሮ ሲጨርስ ተነሥቼ አነበብኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ «ተቀመጥ» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «እትዬ ስህተቱን ሁለት ጊዜ አይተዋል፤ አላዩም ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ» እስከሚለው ደረስኩ፤ ከዚያ በታች ያለውን ፊርማዬንም አነበብኩ፤ ፊርማ እንደማይነበብ ረስቼ።

ሠዓሊው ተነሥቶ ወጣ፤ በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

እስከ ምሳ ድረስ ዕቃዬን ሰብስቤ እንድወጣ ተነገረኝ። ሠዓሊው ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «ያን ቀን እኮ እንድትናገር አፍ አፍህን ሳይ ነበር» አለኝ። ከዚያ የወረቀቱን ግልባጭ ተቀበለኝና «ሁላችንም እንፈርምበታለን፤ ወድጄህ ግን አይደለም» አለ። አሥራ አራት ሰው ፈርሞ ለበላይ ዳይሬክተሩ ገብቷል።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሠዓሊው ማለዳ ደወለ። ዳይሬክተሩ ለሺዓይን ደብዳቤ እንዲጻፍ አዝዟል፤ ስማቸው ከጥፋቱ እንዲወጣ። ወደ ሥራ ይመለሱ እንደሆነ ገና አልተወሰነም። እኔ እንደማልመለስ ተወስኗል።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው ጠባብ። ወረቀቴን በኪሴ ይዣለሁ። በሩን ሲከፍቱልኝ ለቅጽበት አልለየኋቸውም፤ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። መነጽር አድርገው አይቻቸው አላውቅም።

«አንተ ነህ? ግባ። ሚስትህ ወለደች?»

«ሴት።»

«እሰይ። እሰይ፣ ደስ ይላል። ተቀመጥ።»

አልተቀመጥኩም። እንደቆምኩ ነገርኳቸው። ስለ ሰዓቱና ስለ ሦስተኛው አዞ፣ ሃምሳ ሲል ስለመጠበቄ፣ አርባ ሰባት ሲል ስለመዝለሌ። ጠረጴዛውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ነበረ ማለት ነው» አሉ።

«ነበረ።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም ጊዜ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አፍንጫቸው ላይ ሁለት ቀይ ምልክት አለ። «ከወጣሁ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ» አሉኝ። «ዓይንዎ ደህና ነው ቢለኝ አላመንኩትም። ሌላ ዘንድ ሄድኩ። ያኛው እኔ ዓይኔ ደክሟል ብዬ ደጋግሜ ስለው ጊዜ ይህን ሰጠኝ። ካደረግኩት ወዲህ ራሴን ያመኛል፤ ደረጃው ይዞርብኛል። የልጅ ልጄን ደብተር ማረም ትቻለሁ፤ ያበላሸሁባት እንደሆን ብዬ። መንገድ ስሻገር ሰው እጄን ይዞኝ ነው የምሻገረው። ይህን አወቅክ?»

«አላወቅኩም።»

«አላወቅክም» አሉ።

ወረቀቱን አወጣሁ። ስብሰባ ላይ ያነበብኩት ነው አልኳቸው፤ ይቅርታ የሚለው መጨረሻው ላይ ነው አልኳቸው። ተቀበሉኝ። መነጽሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ከላይ ጀምረው ማንበብ ያዙ፤ በየመስመሩ ሥር ጣታቸው ይሄዳል። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። መሀል ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ቆመ። መሳቢያውን ስበው ቀይ ብዕር አወጡና አንዲት ፊደል ከበቡ።

«እዚህ ጋ ገድፈሃል» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ሌሊት ስጽፈው አላየሁትም፤ ለአሥራ አራት ሰው ሲዞርም ያየው የለም።

እስከ መጨረሻው አነበቡት። ይቅርታው ላይ አልቆሙም፤ እንደ ሌላው መስመር አለፉት። አጥፈው መለሱልኝ።

«አስተካክለህ ጻፈውና አምጣልኝ» አሉ። «ስሜ ያለበት ወረቀት ላይ ስህተት አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጣ።»

ቤት ገብቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ። አሁን ሦስተኛ ጊዜ እየገለበጥኩት ነው። በየቃሉ እቆማለሁ። የባለቤቴ እህት መጥታ ምን እንደምጽፍ በትከሻዬ ላይ አየችና መብራቱን አበራችልኝ።